ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት፦ የዕቃ ክምችትን ዋጋና የማይሰበሰብ ዱቤን እንዴት ትመዘግባላችሁ?

የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦት መጨረሻ ላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም ያው ነው። «መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ በስንት ልያዘው? በገዛሁበት ነው ወይስ ዛሬ ገበያ ላይ በሚያወጣው?» ከዚያ ይቀጥላል፦ «ዱቤ ወስዶ ስልኩን የዘጋብኝን ሰውዬ ሂሳብስ ምን ላድርገው?» በቁራጭ መልእክት ስመልስ ነገሩ ስለሚበጣጠስ አንድ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። ሁለቱን ጥያቄዎች አብሬ ያስቀመጥኩት ችግራቸው አንድ ስለሆነ ነው። ዕቃውም ዱቤውም መዝገብ ላይ ከሚያስገኘው ገንዘብ በላይ ከተጻፈ፣ ያላገኛችሁት ትርፍ እንዳገኛችሁ ሆኖ ይታያል። በዚያ ትርፍ ላይ ደግሞ ግብር ትከፍላላችሁ፣ ባለአክሲዮን ካለም ድርሻውን ይጠይቃል።

ምሳሌው የህንፃ መሣሪያ መደብር ነው። ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፣ ለኮንትራክተሮች በዱቤ ይሰጣል፣ የቫት ተመዝጋቢ ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ስለሆኑ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። የልብስ ጅምላም ይሁን የመኪና መለዋወጫ፣ አሠራሩ አይለወጥም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የዓመቱ የግዥ ደረሰኞች በሙሉ። ከውጭ የምታስገቡ ከሆነ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ)፣ የትራንዚተሩና የጭነቱ ደረሰኝ ጭምር።
- ስቶክ ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት)፣ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አንድ። በወረቀት፣ በኤክሴል ወይም በፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ቢሆን ልዩነት የለውም።
- የዱቤ መዝገብ። የደንበኛው ሙሉ ስም፣ ቲን ቁጥር፣ ዕቃው የወጣበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የተከፈለና የቀረ ሂሳብ ሊኖረው ይገባል። «አበበ ሰፈር 12,000» የሚል ደብተር ለዚህ ሥራ አይበቃም።
- ባዶ የቆጠራ ቅጽ። በካርድ ላይ ያለው ብዛት አስቀድሞ ያልተጻፈበት ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 4 ላይ ታዩታላችሁ።
- ያለፈው ዓመት የተዘጋ ሂሳብና የዚያን ጊዜ የተሰብሳቢ (ደንበኞች ያልከፈሉት ዱቤ) ዝርዝር።
- ለቆጠራ ሁለት ሰው፣ ቢያንስ አንዱ ከመጋዘን ጠባቂው ውጪ።

1. ዕቃው ሱቃችሁ እስኪደርስ የፈጀውን ዋጋ አውጡ

ዋጋ ማለት ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ዕቃው ለሽያጭ ዝግጁ ሆኖ መጋዘናችሁ እስኪቀመጥ የወጣው ወጪ ሁሉ ይደመራል፦ የግዥ ዋጋ፣ የጭነት፣ የመጫኛና የማውረጃ፣ በመንገድ ላይ ያለ ኢንሹራንስ፣ ከውጭ ከመጣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ። ሻጩ ያደረገላችሁ የዋጋ ቅናሽ ይቀነሳል።

ለምሳሌ 200 ባልዲ ቀለም በ1,500 ብር ገዛችሁ፣ ከቫት በፊት 300,000 ብር። ሻጩ 5,000 ብር ቀነሰላችሁ። ለመኪና 9,000፣ ለጫኝና አውራጅ 4,000 ከፈላችሁ።

300,000 − 5,000 + 9,000 + 4,000 = 308,000 ብር
308,000 ÷ 200 = አንድ ባልዲ 1,540 ብር

ቫቱ (የ295,000 15%፣ ማለትም 44,250 ብር) እዚህ ውስጥ አይገባም። ስትሸጡ ከሰበሰባችሁት ቫት ላይ ስለምታቀናንሱት የዕቃው ዋጋ አካል አይደለም። የቫት ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ ግን የሚመልስላችሁ የለምና የከፈላችሁት ቫት ዋጋው ውስጥ ይደመራል። አስመጪዎች ሌላም የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ጉምሩክ ላይ በቅድሚያ የተያዘባችሁ የትርፍ ግብር የዕቃ ዋጋ አይደለም። ዓመታዊ ግብራችሁን ስታሳውቁ የሚታሰብላችሁ ቅድመ ክፍያ ስለሆነ በራሱ ሂሳብ ይቀመጣል።

የመጋዘን ኪራይ፣ የሻጭ ደመወዝ፣ የቢሮ መብራትም አይደመሩም። እነዚህ የወሩ ወጪዎች ናቸው። ዕቃው ላይ ከጫናችኋቸው፣ ዕቃው ሳይሸጥ እስከቆየ ድረስ ወጪው ክምችት ውስጥ ተደብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፣ ትርፉም ያብጣል።

በአንድ አይሱዙ ሚስማርም ቀለምም ከመጣ ጭነቱን በክብደት ወይም በዋጋ አከፋፍሉት። የትኛውም ይሆናል፤ ዛሬ በክብደት ነገ በዋጋ ማድረግ ግን አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጭነት የከፈላችሁበት ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ ግብር ሲሰላ ወጪው ውድቅ ሊደረግባችሁ ይችላል። ሾፌሩ ጭነቱን አራግፎ ከሄደ በኋላ ደረሰኝ መፈለግ ድካም ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

2. የዋጋ ማስያ ዘዴ ምረጡ፣ ከዚያ አትቀያይሩት

አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ዋጋ ትገዛላችሁ። የሸጣችሁት ባልዲ የትኛው ነው? ሁለት የተፈቀዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፊፎ ነው፣ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ሁለተኛው አማካይ ዋጋ ነው። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን ዘዴ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ) አይፈቅድም፣ ስለዚህ እሱን እርሱት።

ቀድሞ 50 ባልዲ በ1,400 ነበራችሁ (70,000 ብር) እንበል። አሁን 200 በ1,540 ገባ (308,000 ብር)። ድምሩ 250 ባልዲ፣ 378,000 ብር። ከዚያ 180 ሸጣችሁ።

በአማካይ፦ 378,000 ÷ 250 = 1,512 ብር። የተሸጠው 180 × 1,512 = 272,160። የቀረው 70 × 1,512 = 105,840።

በፊፎ፦ የተሸጠው 50 × 1,400 ሲደመር 130 × 1,540 = 270,200። የቀረው 70 × 1,540 = 107,800።

የተሸጠውንና የቀረውን ስትደምሩ በሁለቱም 378,000 መምጣት አለበት። ካልመጣ ስሌቱ ላይ ስህተት አለ፣ ወደፊት ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1,960 ብር ነው፤ በአንድ የዕቃ ዓይነት ብቻ። ዋጋ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ፊፎ ትርፉን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ አማካዩ ደግሞ ያለዝበዋል። ዕቃው በብዛት ለሚገባና ለሚወጣ ሱቅ አማካዩን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ባልዲዎቹ መደርደሪያ ላይ ይደባለቃሉ፣ የትኛው በየትኛው ዋጋ እንደገባ ማንም አይለየውም። ዘዴው በየዓመቱ ከተለዋወጠ ግን ያምናን ትርፍ ከዘንድሮ ማወዳደር አይቻልም፣ የግብር ሠራተኛውም ለምን እንደቀየራችሁ ይጠይቃል።

3. በዱቤ ስትሸጡ ሁለት ጊዜ መዝግቡ

ብዙዎች ሽያጩን መዝግበው ይቆማሉ። የወጣውን ዕቃ ዋጋ ደግሞ መመዝገብ አለባችሁ፤ አለዚያ ክምችቱ ሳይቀንስ ይቀራል። ዴቢት የሂሳቡ ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ ጎን ነው፣ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ እኩል ይሆናል። 180 ባልዲ በ1,800 ብር ከተሸጠ፦

ሀ. ሽያጩ
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 372,600
ክሬዲት፦ ሽያጭ 324,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ቫት 48,600

ለ. የወጣው ዕቃ
ዴቢት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 272,160
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 272,160

ጥቅል ትርፉ 51,840 ብር ነው። ቫቱ ገና ካልሰበሰባችሁት ዱቤ ውስጥ መኖሩንም ልብ በሉ። ደንበኛው ባይከፍላችሁም ደረሰኝ የቆረጣችሁበትን ቫት በወሩ ታሳውቃላችሁ። ዱቤ ስትሰጡ ከኪሳችሁ የሚወጣው ከዕቃው በላይ ነው ማለት ነው።

4. በአካል ቁጠሩ

ካርዱ 70 ይላል። መጋዘኑስ? ይህን ሳታረጋግጡ ሂሳብ መዝጋት ግምት ነው።

ቆጠራው እስኪያልቅ ዕቃ እንዳይገባም እንዳይወጣም አድርጉ። ካልተቻለ የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር ጻፉና ከዚያ ወዲህ የተንቀሳቀሰውን ለይታችሁ ያዙ። አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ፣ ከዚያ ቦታ ተቀያይራችሁ ድገሙት። ቅጹ ላይ የካርዱ ብዛት ቀድሞ ከተጻፈ ቆጣሪው ደክሞት 67 ያየውን «70 ነው መሰለኝ» ብሎ ያልፈዋል። ቅጹ ባዶ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ተከፍሎበት ያልተወሰደ የደንበኛ ዕቃ ካለ ከእናንተ ጋር አትቁጠሩት። በተቃራኒው የገዛችሁትና ባለቤትነቱ ወደ እናንተ የተላለፈ፣ ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ጭነት የእናንተ ነው፣ ይገባል።

ቁጠሩ ስል ብዛቱን ብቻ አይደለም። ነካ ነካ አድርጉት። ሲሚንቶ ከሆነ በተለይ ከታች፣ ወለሉን የነካውንና ግድግዳ ያስጠጋውን ረድፍ እዩ። የከረጢቱን ማዕዘን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት፤ ውስጡ ያለው ጓል በጣት ካልተፈረፈረ እርጥበት ገብቶታል፣ ደርቋል። ከላይ ያሉት ከረጢቶች አዲስ ስለሚመስሉ ማንም ታችኛውን አያይም። ቀለም ከሆነ ክዳኑ የተሰነጠቀውን፣ የተነፋውን፣ ስትነቀንቁት የማይንቀሳቀሰውን ለዩ። እነዚህን በቅጹ ላይ ለብቻ ጻፏቸው፣ ተራ ቁጥር 5 ላይ ያስፈልጋሉ።

67 ባልዲ ብቻ ተገኘ እንበል። ሦስት ጎድሏል፣ 3 × 1,512 = 4,536 ብር።

ዴቢት፦ የክምችት ጉድለት ወጪ 4,536
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 4,536

ጉድለቱን «የተሸጠ ዕቃ ወጪ» ውስጥ አትቅበሩት። ለብቻው ካልታየ በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እንደጨመረ አታውቁም። ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት የወጣ ወይም በሌላ ካርድ ላይ በስህተት የተጻፈ እንዳለ ፈትሹ፤ ሁልጊዜ ሌባ የለም።

5. ዋጋው የወረደበትን ዕቃ ዝቅ አድርጉ

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ዕቃው የሚያዘው ከሁለቱ ባነሰው ነው፦ በፈጀባችሁ ዋጋ፣ ወይም ሸጣችሁት ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ተቀንሶ በሚቀረው። ገበያ ጨምሯል ተብሎ ዕቃ ከፍ አይደረግም፣ ጭማሪው ትርፍ የሚሆነው ሲሸጥ ነው። ከዋጋው በታች ከወረደ ግን ኪሳራው ዛሬውኑ ይመዘገባል።

ከ67 ባልዲ ውስጥ 10 ክዳናቸው የተሰነጠቀ አገኛችሁ። የሚሸጡት በ900 ብር ነው፣ ለደላላ 50 ብር ይወጣል። የሚቀረው 850።

(1,512 − 850) × 10 = 6,620 ብር

ዴቢት፦ የክምችት ዋጋ መቀነስ ወጪ 6,620
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 6,620

አሁን ቀለሙ መዝገብ ላይ በስንት ቀረ? 67 × 1,512 = 101,304፣ ሲቀነስ 6,620፣ 94,684 ብር።

ይህን ለየዕቃው ወይም ለተመሳሳይ ዕቃዎች ቡድን ሥሩት። ሱቁን በሙሉ አንድ ላይ ደምራችሁ «ሚስማሩ ጥሩ ስለሚያተርፍ ቀለሙን ያካክሳል» ማለት አይቻልም።

ጨርሶ የማይሸጥ፣ የሚጣል ከሆነ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ብዛትና ምክንያት የያዘ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፣ ከአንድ በላይ ሰው ይፈርምበት፣ ለግብር ቢሮውም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ዕቃው ከተጣለ በኋላ ነበር ብሎ ማስረዳት አይቻልም።

6. ዱቤውን በዕድሜው ደርድሩ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን። የዱቤ መዝገቡን ዘርግታችሁ እያንዳንዱ ያልተከፈለ ደረሰኝ ሰኔ 30 ላይ ስንት ቀን እንደሆነው ጻፉ። የደንበኛውን ጠቅላላ ዕዳ አትውሰዱ፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ሂዱ። አንድ ኮንትራክተር ባለፈው ሳምንት የወሰደው ቆርቆሮና የጥቅምቱ ሲሚንቶ አንድ ዕድሜ የላቸውም።

ከ0–30 ቀን፦ 400,000 ብር
ከ31–90 ቀን፦ 300,000 ብር
ከ91–180 ቀን፦ 180,000 ብር
ከ180 ቀን በላይ፦ 120,000 ብር
ድምር፦ 1,000,000 ብር

ይህ ድምር ከዋናው መዝገብ የተሰብሳቢ ሂሳብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ በባንክ የገባ ግን ለማን እንደሆነ ያልተለየ ክፍያ አለ ማለት ነው። በሞባይል የሚላክ ገንዘብ ስም ሳይያዝለት ሲገባ ይህ ነገር እየበዛ መጥቷል። የባንክ ስቴትመንቱን አውጥታችሁ አመሳስሉ፣ አለዚያ የከፈለን ሰው ክፈል ብላችሁ ትደውላላችሁ።

ቀኑ ገና ያልደረሰ ቼክ የያዛችሁበት ዱቤም ገና ዱቤ ነው። ቼኩ እስኪመነዘር ከዝርዝሩ አይወጣም። ደረቅ ቼክ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው ዕቃው ከወጣበት ቀን እንጂ ቼኩ ከተመለሰበት አይደለም።

7. ከየረድፉ ምን ያህሉ እንደማይመለስ ከራሳችሁ መዝገብ አውጡ

መቶኛውን ከሰው አትዋሱ። ያለፈውን ዓመት ሰኔ 30 ዝርዝር አውጡና በየረድፉ ከነበረው ስንቱ በዚህ ዓመት እንደተሰበሰበ እዩ። ያኔ ከ91–180 ቀን ረድፍ ላይ 150,000 ብር ነበር፣ ከዚያ 135,000 ገብቷል፣ 15,000 ቀርቷል እንበል። 15,000 ÷ 150,000 = 10%። ለሌሎቹም እንዲሁ። የሁለት ሦስት ዓመት መዝገብ ካላችሁ አማካዩን ውሰዱ፣ አንድ መጥፎ ዓመት ብቻውን እንዳያስታችሁ።

400,000 × 1% = 4,000
300,000 × 3% = 9,000
180,000 × 10% = 18,000
120,000 × 40% = 48,000
ድምር 79,000 ብር

የምትከተሉት የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። በሙሉው አይኤፍአርኤስ የሚሠራ ድርጅት ዕቃው በዱቤ ከወጣ ጀምሮ የሚጠበቀውን ኪሳራ መገመት ግድ ይለዋል። የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን አይኤፍአርኤስ የሚከተል ግን የሚመዘግበው ዕዳው እንደማይሰበሰብ የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖረው ነው፦ የክፍያ ቀን ማለፍ፣ ደንበኛው ችግር ውስጥ መግባቱ፣ የተመሳሳይ ዕዳዎች ያለፈ ታሪክ። ስለዚህ እናንተ የዚህ ቡድን ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ረድፍ 1% የምትይዙት መዝገባችሁ በግልጽ ሲደግፈው ብቻ ነው። በሁለቱም ቢሆን ትልልቅ ዕዳዎችን ከሰንጠረዡ አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩ። ሥራው የቆመበትንና ሠራተኛ የበተነን ኮንትራክተር 3% ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

8. መጠባበቂያውን አስተካክሉ

79,000 ወጪ አይደለም! 79,000 መጠባበቂያው (ከዱቤው ላይሰበሰብ ይችላል ብላችሁ የምትይዙበት ሂሳብ) ሊደርስበት የሚገባው ቀሪ ሂሳብ ነው። በዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጠባበቂያው ላይ ቀድሞ 30,000 ክሬዲት ካለ የምትጨምሩት ልዩነቱን ነው፦

79,000 − 30,000 = 49,000

ዴቢት፦ የማይሰበሰብ ዕዳ ወጪ 49,000
ክሬዲት፦ ለአጠራጣሪ ዕዳዎች መጠባበቂያ 49,000

በዓመቱ ውስጥ ከያዛችሁት በላይ ዕዳ ሰርዛችሁ መጠባበቂያው ዴቢት ላይ ወድቆ ከሆነ ደግሞ ይደመራል። 10,000 ዴቢት ቢሆን 89,000 ትመዘግባላችሁ።

ተሰብሳቢውን በቀጥታ የማንነካው ማን እንደማይከፍል ገና ስላላወቅን ነው። ሁሉም ደንበኛ ዕዳው ሙሉውን ይቆማል፣ ሁሉንም መጠየቅ እንቀጥላለን፣ ሪፖርቱ ላይ ግን 1,000,000 ሲቀነስ 79,000፣ 921,000 ብር ይታያል። ወጪውም ሽያጩ በተመዘገበበት ዓመት ይያዛል። ሽያጩ ዘንድሮ፣ ኪሳራው ከሦስት ዓመት በኋላ ከሆነ የሁለቱም ዓመት ትርፍ የተሳሳተ ነው።

9. ተስፋ የሌለውን ሰርዙ

ከባለዕዳዎቹ አንዱ ንግድ ፈቃዱን መልሷል እንበል፣ ንብረት የለውም፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት መልስ የለም። ዕዳው 25,000 ነው።

ዴቢት፦ ለአጠራጣሪ ዕዳዎች መጠባበቂያ 25,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 25,000

ወጪ የሚል ቃል የለም፣ ምክንያቱም ወጪው ተራ ቁጥር 8 ላይ ተይዟል። ማረጋገጫው ይኸው፦ ተሰብሳቢ 975,000፣ መጠባበቂያ 54,000፣ ልዩነቱ አሁንም 921,000። ከመሰረዙ በፊትና በኋላ ይህ ቁጥር ከተለያየ የተሳሳተ ሂሳብ ነክታችኋል።

መሰረዝ ዕዳውን ይቅር ማለት አይደለም። ሰውዬው ዛሬም ባለዕዳ ነው። የተሰረዙትን በሌላ መዝገብ ያዙ፣ የይርጋ ጊዜም (ዕዳውን በፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) እንዳያልፍባችሁ ተከታተሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውሎች አጠቃላይ የይርጋ ጊዜው 10 ዓመት ነው፣ ከዚያ ያጠሩ የተለዩ ጊዜዎችም ስላሉ ገንዘቡ ከፍ ካለ ጠበቃ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዕዳ የሚሰርዘውና ገንዘብ የሚሰበስበው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ከደንበኛ ተቀብሎ ኪሱ የከተተ ሰው «አልከፈለም፣ ይሰረዝ» ለማለት ቀላሉን መንገድ ያገኛል። የባለቤቱ ወይም የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይኑርበት።

10. የተሰረዘው ሰው ከከፈለ

ይሆናል። ሰውዬው ሥራ አግኝቶ 10,000 ብር ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የተሰረዘውን ዕዳ ወደ መዝገቡ መልሱ፣ ከዚያ ክፍያውን መዝግቡ።

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 10,000 / ክሬዲት፦ መጠባበቂያ 10,000
ዴቢት፦ ባንክ 10,000 / ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 10,000

በአንድ መስመር ማሳጠር ይቻል ነበር። ግን የደንበኛው ታሪክ ላይ መክፈሉ እንዲታይ ነው፤ ነገ ደግሞ ዱቤ ሲጠይቅ ይህን መዝገብ ታያላችሁ።

11. ለግብር ሲሆን ለይታችሁ አስሉ

የሂሳብ ትርፍና ግብር የሚከፈልበት ትርፍ እዚህ ላይ ይለያያሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለንግድ ድርጅት የማይሰበሰብ ዕዳ ተቀናሽ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ዕዳው ቀድሞ በገቢነት ተይዞ ከሆነ፣ በዓመቱ ከመዝገብ ከተሰረዘ፣ እና ለማስከፈል ተገቢው ጥረት ሁሉ ተደርጎ መሰብሰብ ካልተቻለ። መጠባበቂያ መያዝ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በምሳሌያችን 49,000 ብሩን ግብር ስታሰሉ ወደ ትርፉ መልሳችሁ ትደምራላችሁ። 25,000 ግን ማስረጃው ከተሟላ ይቀነሳል። በ30% የሚከፍል ድርጅት 49,000ን ዝም ብሎ ቢቀንስ 14,700 ብር ግብር አሳንሷል ማለት ነው፣ ኦዲት ሲደረግ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ይመጣል። ቀድሞ ተቀናሽ የተደረገ ዕዳ ኋላ ከተሰበሰበ በተሰበሰበበት ዓመት ገቢ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ለተሰረዘ ዕዳ አንድ ፎልደር ይኑር፦ የሽያጭ ደረሰኙ፣ ደንበኛው ዕቃውን የፈረመበት ሰነድ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ፣ የተመለሰ ቼክ ካለ እሱ፣ ክስ ከነበረ ውሳኔው፣ የመሰረዣው ፈቃድ። «ደጋግሜ ደውዬለታለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ደብዳቤው በአደራ ፖስታ ይላክ ወይም ተፈርሞበት ይሰጥ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ክምችቱን በመሸጫ ዋጋ መቁጠር። ከሁሉም የበዛው ይህ ነው። ሠራተኛው የቆጠረውን መደርደሪያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ ያባዛዋል። 67 ባልዲ በ1,800 ቢባዛ 120,600 ይሆናል፣ ትክክለኛው ግን 94,684 ነው። በአንድ ዕቃ ብቻ 25,916 ብር የሌለ ትርፍ።

የዓመቱን መጨረሻ ክምችት አሳስቶ ችላ ማለት። የዘንድሮ መዝጊያ የሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ ስለሆነ ስህተቱ አብሮ ይሻገራል፤ ዘንድሮ ያበጠው ትርፍ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል ይጎድላል።

ዱቤ መሰብሰብን እንደ አዲስ ሽያጭ መመዝገብ። ሽያጩ ዕቃው በወጣ ቀን ተይዟል። ገንዘቡ ሲመጣ እንደገና ከተያዘ ገቢው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ።

ባለቤቱ ለራሱ ቤት የወሰደውን ቀለምና ሚስማር ጉድለት ብሎ መመዝገብ። ይህ የባለቤቱ ወጪ ነው፣ የሱቁ አይደለም። በወሰደበት ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ዘመዶችን ከዕድሜ ሰንጠረዡ ማስቀረት። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ አይቀርም» ተብሎ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ዱቤ ከ180 ቀን በላይ ረድፍ ላይ ይገባል፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሰኔ ላይ መሯሯጥ። የዕድሜ ሰንጠረዡን በየወሩ መጨረሻ አውጡት። 40 ቀን ለሆነው ዱቤ ስልክ መደወል ይበቃል፣ 200 ቀን ለሆነው ግን ጠበቃ ያስፈልጋል። ውድና ቶሎ የሚበላሹ ዕቃዎችንም በየሦስት ወሩ ቁጠሩ፣ ሲሚንቶ ካላችሁ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ አንድ ጊዜ።